አሥራ አንድ ገጽ እስከ አዋሳ

ባለቤቴ አስረስ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የፕላን ክፍል ባለሙያ ነበር። ሥራው ዕቅድ ማውጣት ነው። ዕቅዱን የሚፈጽሙት ሌሎች ናቸው፤ ካልፈጸሙትም እሱን አይመለከተውም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያቅድ አንድም ቀን ቤት ገብቶ «ያ ያቀድነው ነገር ዛሬ ተሠራ» ብሎኝ አያውቅም። ስለዚህ በ1989 ዓ.ም. ገና ባለፈ በሳምንቱ አንዲት ያረጀች ፊያት 124 ገዝቶ ጎፋ ያለው ቤታችን በር ላይ ሲያቆማት፣ እኔን ያስደነገጠችኝ መኪናዋ አልነበረችም። ያስደነገጠኝ በብብቱ ሥር የያዘው አዲስ ዶሴ ነው።

«ገዲሴ፣ ዘንድሮ እንደ ሰው ሽርሽር እንሄዳለን» አለኝ። «ልጆቹ ለመንፈቀ ዓመት እረፍት ሲዘጉ፣ አምስት ቀን፣ በገዛ መኪናችን። ሐይቆቹን እያየን፣ እየቆምን፣ እያረፍን፣ እስከ አዋሳ!»

«ከከተማ ውጪ ነድተህ ታውቃለህ?»

«መንጃ ፈቃድ አለኝ እኮ» አለ።

የጠየቅኩት ሌላ፣ የመለሰልኝ ሌላ። ግን ከፕላን ክፍል ሰው ጋር አሥራ አምስት ዓመት የኖረች ሴት ጥያቄና መልስ የግድ መገናኘት አለባቸው ብላ አትሟገትም።

እሑድ ከጎፋ ገብርኤል ስንመለስ ሳሎን ውስጥ ስብሰባ ጠራ። አጀንዳ ነበረው። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጃችን ክብረት ቃለ ጉባኤ እንድትይዝ ታዘዘች። የስምንት ዓመቱ ሚሳኤል ደግሞ ሐሳብ ካለህ እጅህን አውጣ ተባለ። ወዲያው አወጣ።

«አባዬ፣ እዚያ ጉማሬ አለ?»

«ከአጀንዳው ውጪ ነው። ልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ ስንደርስ ታነሣዋለህ።»

ከዚያ የሥራ ክፍፍሉን አነበበልን። አስረስ ዋና አስተባባሪና ሾፌር። ክብረት የፎቶግራፍና የሰነድ ኃላፊ። ሚሳኤል የውሃ ጀሪካን ተቆጣጣሪ። እኔ የምግብ፣ የንጽሕና፣ የጤና፣ የመኝታና የመሳሰሉት ኃላፊ። «የመሳሰሉት» ምን እንደሆነ ብጠይቀው «ሌላው ሁሉ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ሰፊ ሹመት በየቀኑ አይገኝም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ዕቅዱ አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። የቢሮው ታይፒስት በአራት ኮፒ መታችው። መግቢያ አለው፣ ዓላማ አለው፣ ሁለት አባሪ አለው። ዓላማው «የቤተሰቡን አባላት ከሀገራቸው የተፈጥሮ ሀብት ጋር ማስተዋወቅና ዘና ማድረግ» ይላል። ዘና የምንልባቸው ሰዓቶች በሠንጠረዥ ተቀምጠዋል። «ደብረ ዘይት፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ፦ ከጠዋቱ 2፡10 እስከ 2፡35፤ ተፈጥሮን ማድነቅ።» «ቆቃ፦ ከ3፡50 እስከ 4፡05፤ ድልድዩን ማየት፣ ሽንት።» «መቂ፦ አይቆምም፤ የሚታይ የለም።» «ዝዋይ፦ ከ5፡00 እስከ 8፡00፤ ምሳ፤ ረቡዕ ስለሆነ አሳ።» አሳ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ካህናቱ እስከ ዛሬ አልጨረሱትም፤ አስረስ ግን ገጽ አራት ላይ ጨርሶታል። እንዲህ እያለ በላንጋኖ፣ በሻሸመኔና በወንዶ ገነት ፍል ውሃ አድርጎ አዋሳ ይገባል። እዚያም ጀንበር ስትጠልቅ የምናይበት ሃያ ደቂቃ ተመድቧል። ጀንበሯ ብትዘገይ ምን እንደሚደረግ አልተገለጸም።

«ሚሳኤልስ?» አልኩት። «ልጁ ታክሲ ላይ እንኳ ከጎፋ ተነሥተን ለገሐር ሳንደርስ ነው የሚያስመልሰው።»

ገጽ ዘጠኝን ገለጠልኝ። «ያልታሰቡ ሁኔታዎች፦ በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ።»

«ሦስቴ ቢያስመልስስ?»

«አምስት አምስት ደቂቃ ይደርሰዋላ» አለ፣ ሒሳብ የማልችል መስዬው።

አባይነህ የሚባል ጎረቤት ነበረን፤ ሃያ ዓመት አሰብ ወደብ የተመላለሰ የከባድ መኪና ሾፌር። ያንን መንገድ እንደ ቤቱ ደጃፍ ያውቀዋል። አንድ ቀን መጥቶ ፊያቷን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ።

«አቶ አስረስ፣ እስከ ሞጆ ያለው የተሳቢ መንገድ ነው። በማለዳ ካልወጡ ከእኛ ጋር ነው የሚጋፉት። የመጀመሪያ ጊዜዎ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው አብሮዎት ቢሆን ጥሩ ነው። ከፈለጉ እኔ እስከ ሞጆ ድረስ—»

«በጣም እናመሰግናለን አባይነህ» አለ አስረስ። «ሐሳብህን መዝግበነዋል።»

አባይነህ እኔን አየኝ። እኔ ሰማዩን አየሁ።

የጉዞውን ወሬ ላፍቶ ድረስ ያደረሰችው ክብረት ናት። አባቴ ፈየራ እዚያ ነው የሚኖሩት። ያኔ ከእሳቸው ቤት ወዲያ እስከ ፉሪ ድረስ እርሻ ነበር። እሳቸውም ጤፍና ሽንብራ ይዘሩ ነበር፤ ማሳቸውን ግን በየዓመቱ ከአንድ ወገን የቆርቆሮ አጥር እየበላው ነው። በእግራቸው ጎፋ ድረስ መጡ። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደገፉና ሳይቀመጡ ጠየቁ።

«ይሄ መንገዳችሁ በመቂ ያልፋል?»

«ያልፋል አባባ» አለ አስረስ፣ ወረቀቱን አውጥቶ። «ግን አይቆምም።»

«ካለፈ ይበቃል። እኔም እመጣለሁ።»

«አባባ፣ ዕቅዱ እኮ የተዘጋጀው ለአራት ሰው—»

«እኔ ቀጭን ነኝ» አሉ አባቴ።

አስረስ ሦስት ቀን ሙሉ ሲሰርዝ ሲደልዝ ከረመ። አባቴ ስለ መቂ ለምን እንደጠየቁ ግን ማንም አልጠየቃቸውም። እኔም አልጠየቅኳቸውም። የመሳሰሉት ኃላፊ ነኝ፤ ስንቅ እያዘጋጀሁ ነበር።

ጥር 28 ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ በዕቅዱ መሠረት ከቤት የምንወጣው 12፡30 ላይ ነበር። ወጣን፤ ለሁለት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ። አስረስ ዕቃው ጣሪያ ላይ የሚጫንበትን ሥዕል ሠርቶ በአባሪ ሁለት አያይዞ ነበር፤ ዕቃዎቹ ግን ሥዕሉን አላነበቡትም። ሦስቴ ተጭነው ሦስቴ ወረዱ። አባቴ ጎህ ሳይቀድ መጥተው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁን ነበር። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል፤ እሱም ጣሪያ ላይ ይውጣ ብንላቸው እሺ አላሉም።

እስከ ሳሪስ በሁለተኛ ማርሽ ሄድን። ቃሊቲ ኬላን ስናልፍ ሦስተኛ ገባ፤ ዓውደ ዓመት መሰለን። አቃቂ ላይ ሚሳኤል የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ ተጠቀመበት። ዱከም ላይ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ባንድ ላይ ወሰደ። ደብረ ዘይት ስንደርስ አስረስ ሰዓቱን አይቶ ሠንጠረዡን አሸጋሸገና «ለሐይቁ ያለን አራት ደቂቃ ነው» አለ።

የቢሾፍቱ ሐይቅ ከገደሉ ሥር ጠቁሮ ተኝቷል። አባቴ ቁልቁል ተመለከቱና «ውሃው ጥሩ ነው፤ ከብት ግን አይወርድበትም» አሉ። ክብረት ካሜራዋን ከማኅደሩ ስታወጣ «ጊዜው አልቋል፣ ግቡ!» ተባለ። እንዲህ አድርገን ተፈጥሮን አድንቀን ወጣን።

ከደብረ ዘይት ወደ ሞጆ ሲወጣ መንገዱ ሙሉ በሙሉ የተሳቢ ሆነ። ከፊት ይመጣሉ፣ ከኋላ ይመጣሉ። አስረስ ወደ መሪው ጎበስ አለ። ከዚያ አንዱ ከኋላችን ተጠግቶ ጥሩምባውን ለቀቀው፤ ጥሩምባው የመኪና ሳይሆን የመርከብ ነበር። ከፊታችን ሌላ እየመጣ ሳለ የኋለኛው ሳይጠብቅ ወጥቶ አለፈን። ፊያቷ እንደ ወረቀት ተንቀጠቀጠች። አስረስ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘው፤ ከአስፋልቱ ወርደን፣ ጠጠሩን እየበተንን፣ አንድ የታጨደ ማሳ ዳር ቆምን። ሞተሩ ጠፋ።

ማንም አልተጎዳም። የጮኸም የለም።

ክብረት ወረቀቷን አገላበጠችና «አባዬ፣ እዚህ ማቆሚያ የለንም እኮ» አለች። በክፋት አልነበረም፤ የሰነድ ኃላፊ ናት።

የአስረስ ሁለት እጆች መሪው ላይ እንደተጣበቁ ቀሩ። ላብ ከግንባሩ ወደ አገጩ ይወርዳል። እንደ ልማዴ አንድ ነገር ልለው አፌን ከፈትኩ። የምለው አላጣሁም፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳጠራቅም ነበር። ፊቱን ሳይ ግን ሁሉም ከአፌ ጠፋ።

«ገዲሴ» አለኝ ልጆቹ እንዳይሰሙ ቀስ ብሎ፤ መኪናዋ ግን ምስጢር የሚደበቅበት ስፋት አልነበራትም። «አልቻልኩም። እግሬ እሺ አላለኝም።»

«እሺ። ውረድ።»

«ልውረድና ማን ሊነዳ?»

ቦርሳዬን ከፍቼ መንጃ ፈቃዴን አወጣሁና ፊቱ አስቀመጥኩለት።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። በደርግ ጊዜ፣ ሳላገባ፣ የሰፈራችን ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ ትራክተርና አንድ ፒክአፕ ነበረው። ሴቶችም ይሠልጥኑ የሚል መመሪያ ሲመጣ ወንዶቹ እየሳቁ እኔን ላኩኝ። ስድስት ወር ተማርኩ። ሦስት ዓመት አረስኩ። በፒክአፑም እህል ጭኜ እስከ ናዝሬት ተመላለስኩ። ይህን አስረስ ያውቃል፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት መጀመሪያ ያየኝ ትራክተር ላይ ነው። ሚስቱ ከሆንኩ በኋላ ግን ነገሩ እንደ ኩፍኝ አንዴ ወጥቶልኝ የተወኝ መሰለው። እኔም ምንም ብዬው አላውቅም። በየሁለት ዓመቱ ብቻ እሱ ቢሮ ሲገባ ሄጄ ፈቃዴን አሳድሳለሁ። ለምን እንደማሳድሰው ራሴም አላውቅም ነበር።

«ትራክተርና መኪና አንድ አይደለም» አለ አስረስ።

«ልክ ነህ» አልኩት። «መኪና ይቀላል።»

ከኋላ የአባቴ ትዕግሥት አለቀ። «ምንድን ነው የምትከራከሩት? ልጅቷ ታውቃለች። ተነሥላት!»

ተነሣልኝ። ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩ፣ መስታወቱን አስተካከልኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ፍሪሲዮኑን ስረግጥ እግሬ ሳላዘው አስታወሰ። መጀመሪያ የመጣውን ተሳቢ ጠብቄ አሳለፍኩና አስፋልቱ ላይ ወጣሁ። ሦስተኛ፣ ከዚያ አራተኛ። አራተኛ ማርሽ ያቺ መኪና ውስጥ እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያወቅነው።

«እማዬ ሾፌር ናት!» ብሎ ጮኸ ሚሳኤል። ክብረት በመስታወቱ ውስጥ አፍጥጣ ታየኛለች፤ በአሥራ አራት ዓመቷ ከእናቷ ጋር ገና የምትተዋወቅ ትመስል ነበር። ሚሳኤል ከዚያ ወዲያ አላስመለሰም። ምክንያቱን ሐኪም ይናገር፤ እኔ ግን የማርሽ አያያዜ ነው እላለሁ።

ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጠፍን። ቆቃ ድልድይ አጠገብ ወርደን እግራችንን አፍታታን። አስረስ ሰዓቱን አየና ወዲያው በእጅጌው ሸፈነው። ዓለም ጤናን ስናልፍ አባቴን በመስታወቱ ሳያቸው ጥቅሉን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አስግገዋል። ዳር ዳሩን የጭቃ ቤቶች፣ የሽንኩርት ክምሮች፣ ጋሪዎች መታየት ጀመሩ።

«ይሄ ነው መቂ?»

«ነው አባባ።»

አስረስ ከጎኔ ወረቀቱን ዘርግቶ «ገዲሴ፣ እዚህ እንኳ—» ብሎ ጀመረ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «አይቆምም።» ዳር ይዤ አቆምኩ።

ሾፌር የት እንደሚያቆም ራሱ ይወስናል የሚል በአሥራ አንዱም ገጽ ላይ የለም። ግን ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ወደ ኋላ ዞርኩ።

«አባባ፣ መቂ ማን አለዎት?»

«ቡዜ አለች» አሉ።

ቡዜ ታናሽ እህታቸው ናት፣ አክስቴ። ሮበሌ የሚባል ሰው አግብታ ወደዚህ አገር ስትመጣ እኔ ልጅ ነበርኩ። አያቴ ሲሞቱ ለለቅሶ መጥታ በአንዲት ጊደር የተነሣ ከአባቴ ጋር ተጣሉ። እናታችን ለእኔ ነው የተናዘዘችልኝ አለች። የለም፣ ለእኔ ነው አሉ። በማግስቱ ጊደሯን ነድታ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሟ ቤታችን ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም።

«ትኑር ትሙት አላውቅም ነበር» አሉ አባቴ። «አምና አንድ የከሰል ነጋዴ መቂ አይቻታለሁ ብሎ ነገረኝ። መኪናው በዚህ ካለፈ በመስኮት አያታለሁ ብዬ ነው።»

«በመስኮት?» አለ አስረስ።

«አይቆምም አልከኝ እኮ፣ ልጄ።»

አስረስ ወረቀቱን አጠፈው። በዚያ ቀን የሠራው የመጀመሪያው ጥሩ ሥራ እሱ ነው። ሁለተኛውን ወዲያው አስከተለ፦ ማንም ሳያዘው ወርዶ መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ዘንድ ሄደ።

«የሮበሌ ሚስት ቡዜ? ባለ ፓፓያዋ?» አለችው ሴትዮዋ። ሸሚዙንና የታጠፈውን ወረቀት አየችና ፊቷ ተለወጠ። «ለምን ፈለጋችኋት? ከመንግሥት ናችሁ?»

«ዘመዶቿ ነን» አለ አስረስ።

ከአስፋልቱ ወርደን በአቧራማው መንገድ ትንሽ እንደሄድን ሴትዮዋ የነገረችን የፓፓያ ዛፎች ታዩ። ከዛፎቹ ኋላ ከአንዲት ቆርቆሮ ቤት አንዲት ቀጭን አሮጊት ባልዲ ይዛ ወጣች። ቁመቷ የአባቴ፣ አፍንጫዋ የአባቴ፣ አቋቋሟም የአባቴ። አባቴ ከመኪናው ወርደው ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። አየቻቸው። ብዙ ጊዜ አየቻቸው።

«ጊደሯ ሞታለች» አለች በኦሮምኛ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነው።

«እሷን ልጠይቅ አልመጣሁም» አሉ አባቴ።

«አምስት ወልዳልኝ ነው የሞተችው።»

«ይባርክልሽ።»

«ሁለቱን ለአንተ ብዬ ነበር ያሳደግኩት። ትመጣለህ ብዬ ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ። አልመጣህም።»

ቡዜ ባልዲውን አስቀመጠች። ቀጥ ብላ መጥታ በመዳፏ ደረታቸውን መታቻቸው። ደግማ መታቻቸው። በሦስተኛው ምት እጇ እዚያው ደረታቸው ላይ ቀረ፤ አለቀሰች። አባቴ ላስቲኩን ፈቱና ከውስጡ አዲስ ጋቢ አውጥተው በሁለት እጃቸው አለበሷት። ለራሳቸው አሠርተው ሳይለብሱት ያስቀመጡት ጋቢ ነበር። አስረስን ዞር ብዬ ባየው ሰዓቱን ሳይሆን የፓፓያ ዛፍ ይመለከት ነበር። ዓይኑ ውስጥ አቧራ ገብቶበት ነበር፤ መቂ መቼም አቧራማ ናት።

ቡዜ ፊቷን ጠራርጋ ወደ እኛ ዞረች። ልጆቹን ሳመች፤ እኔን አገላብጣ አየችኝና «አንቺ ነሽ የምትነጂው?» ብላ በአማርኛ ጠየቀችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ይሄስ ምንድን ነው ሥራው?» አለች ወደ አስረስ እያየች።

«ያቅዳል።»

ትንሽ አሰበችበት። «ጤና ይስጠው» አለች፣ በሽታ የተነገራት ይመስል። «ታዲያ እስከ መቼ ናችሁ?»

ሁላችንም አስረስን አየነው። በልማድ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ባዶውን መለሰው። «እማማ ቡዜ እስከፈለጉ ድረስ» አለ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሲወጣ ራሱም ሰምቶት አያውቅም ነበር።

አዋሳን አላየንም። በማግስቱ ቡዜን ጨምረን ስድስት ሆነን ዝዋይ ሄድን። ሐይቁ ዳር አሳ ጠብሰው አቀረቡልን። አባቴ «ዓይኑ እያየኝ እንዴት ብዬ እበላዋለሁ?» ብለው ዳቦ ብቻ በሉ፤ ቡዜ የእሳቸውንም ጨምራ አጥንቱን ለድመት እንኳ ሳታስተርፍ ጨረሰችው። ሚሳኤል ከሩቅ ሁለት የጉማሬ ጆሮዎች አየ። ጆሮ ብቻ መሆኑ አላስከፋውም፤ ስንመለስ መኪና ውስጥ ጆሮዎቹ እንደ ቤት ትልቅ ሆነው ነበር።

ከሰዓት በኋላ አስረስን ከፓፓያዎቹ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቡዜ ለሽንኩርቱ ቦይ እንዲያወጣ መቆፈሪያ ሰጥታው ነበር፤ ውሃው እሱ ባወጣለት በኩል ሳይሆን በሌላ በኩል ሄዶ ጎረቤት ገብቷል። ጫማውን አውልቆ ያን ያያል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አሥራ ስምንት ዓመቴ ላይ ነው» አለ ሳልጠይቀው። «ከደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ስመጣ፣ ዓባይ በረሃ ላይ ፍሬን እምቢ አለ። ሾፌሩ ከተራራው ጋር አላትሞ አቆመው። የሞተ የለም። ግን ከዚያ ወዲህ የሚመጣውን ሁሉ ቀድሜ ካላወቅሁ መንገድ ላይ እግሬ ይከዳኛል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ ስነግርሽ ነበር እኮ» አለ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚያ ወረቀት ስቄበታለሁ። በጀሪካኑ፣ በሽንቱ፣ በጀንበሯ ሃያ ደቂቃ ስቄአለሁ። ሰውዬው ፈርቶ እንደነበር ከሁላችንም አንድ ሰው አልጠረጠረም። እጄን ጉልበቱ ላይ አደረግሁ፤ ውሃው ጎረቤት ሲገባ አብረን አየን።

ዓርብ ጠዋት ከመንደሩ ወዲያ ወዳለው የታጨደ ሜዳ ወሰድኩት። መሪውን ሰጠሁት፤ እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ትራክተር ያስተማረኝ ሰው ይጮህብኝ ነበር፤ እኔ ግን አልጮህኩም፤ ማለቴ ብዙ አልጮህኩም። ቡዜና አባቴ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይመለከታሉ። ሚሳኤል ከመኪናው ጎን እየሮጠ «አባዬ ሞተሩን አጠፋው!» እያለ ለመንደሩ ሁሉ ያውጃል። እስከ ምሳ ዘጠኝ ጊዜ አወጀ፤ ከምሳ በኋላ ሁለት ጊዜ ብቻ። ክብረት የፊልሙን ግማሽ በዚያ ሜዳ ላይ ጨረሰችው።

እሑድ ልንነሣ ስንል አባቴ አልተዘጋጁም። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ቦዩ ውስጥ ቆመዋል።

«እናንተ ሂዱ» አሉኝ። «ሽንኩርቱ ውሃ ይፈልጋል። ለፋሲካ እመጣለሁ።»

«ማን ቆይ አለህ?» አለች ቡዜ ከበሩ።

«ማን ሂድ አለኝ?»

«አንተ ውሃውን በዚያ በኩል አትልቀቀው፣ ብያለሁ!»

«እርሻ ልታስተምሪኝ ነው?»

ተሰናብተናቸው መኪና ውስጥ ስንገባ እየተጣሉ ነበር። መንደሩን አልፈን እንኳ ድምፃቸው ይሰማ ነበር፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል።

አስፋልቱ ላይ ከመውጣታችን በፊት አቆምኩና አስረስን አየሁት። ምንም አልጠየቅኩትም። እሱም ወርዶ በፊት በኩል ዞሮ መጣ። ቦታ ተለዋወጥን።

መጀመሪያ በሁለተኛ ሄደ፤ ከዚያ ሦስተኛ አስገባ። ልጆቹ ከኋላ ትንፋሻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ዓለም ጤና ሳንደርስ ከፊት አንድ ባለ ተሳቢ ብቅ አለ። ረጅም ነበር፣ አቧራውን ከኋላው እየጎተተ። የአስረስ ትከሻ ወደ ጆሮው ወጣ። «ያውልህ፣ እየመጣ ነው» አልኩት፤ «የራሱን መስመር ይዟል፣ አንተም የራስህን ይዘሃል።» ተሳቢው መጣ፣ መኪናዋ ተወዛወዘች፣ አለፈ። እኛም መንገዳችን ላይ ነበርን።

አስረስ ሳቀ። ጮክ ብሎ፣ ብቻውን፣ ብዙ ሳቀ፤ ልጆቹም ለምን እንደሆነ ሳይገባቸው አብረውት ሳቁ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ዓመቴ ነው። ሌሎች አራት ተሳቢዎች አሳለፈ። ቆቃ ከመድረሳችን በፊት ግን ፍሬቻውን በሥርዓት አብርቶ፣ ጠርዝ ይዞ፣ በራሱ ፈቃድ አቆመ።

«እጄ ላብ በላብ ሆነ» አለ፣ መዳፎቹን ሱሪው ላይ እየጠረገ። «ከዚህ አንቺ ውሰጅው።»

ወሰድኩት። ሞጆ ስንደርስ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።